በኦርጋን ሙዚቃ የተሰፋው ኮት

ልብስ ሰፊው በስልሳ ዓመቱ የጃዝ ሰው ሆኖ አረፈው። ጥፋቱ የታናሽ ወንድሙ ነው፤ የመርከብ ምግብ አብሳይ ሆኖ ሲዞር ከርሞ፣ አራት የኦርጋን ሸክላዎች ከነማጫወቻው አስታቀፈውና ወደ ቤቱ እብስ አለ።

የአንዱ ሸክላ ሽፋን ላይ ኦርጋን ተጫዋቹ ጫማውን አውልቆ ፔዳል ሲረግጥ ይታያል። ያንን ከወለል ሥር የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው በእግሩ ነው። ልብስ ሰፊው ይህን እንዳወቀ አንዴ የስፌት መኪናውን መርገጫ፣ አንዴ የራሱን እግር አየና ሰውየውን "የሙያ ባልደረባዬ" ይለው ጀመር። እዚያው ክፍል ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ፣ ባልደረባህ ታዲያ ጎራ ብሎ ለምን አያግዝህም ትለዋለች።

ችግሩ እግሩ ሙዚቃውን መከተሉ ነው። ሙዚቃው ሲጋልብ መኪናውም ይጋልባል። ቀይ ሽፋን ያለውን ሸክላ ከፍቶ የታላቅ እህቱን ኮት እጅጌ የሰፋ ዕለት፣ ስፌቱ እንደተቆጣ ሰው ግንባር ተጨማደደ። እህትየው አስተማሪ ናት፤ ኮቱን የምትለብሰው በማግስቱ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ በጡረታ ሲሸኛት ነው። ሚስቱ እጅጌውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችና ቁርጡን ነገረችው።

"ነገ ይኼ ካልተስተካከለ፣ ማጫወቻው ወደ ወንድምህ ቤት ይሄዳል።"

ጠዋት ስፌቱን ፈታና ያለ ሙዚቃ ሞከረው። እግሩ ግራ ገባው፤ ክሩ ሁለቴ ተበጠሰ። ሚስቱን በጎሪጥ እያየ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሙዚቃ ለሱፍ ጨርቅ የተፈጠረ ነው፤ ኦርጋኑ በልቶ እንደጠገበ ሰው ተንደላቆ ያወራል፣ ጊታሩ ጣልቃ እየገባ ይቀልዳል፣ ከበሮው ይንሾካሾካል። መኪናውም በእርጋታ ሄደ። ሁለተኛው ግን ፈጣን ነው፤ የልብስ ሰፊው ሁለት እጆች ደግሞ ጨርቁ ላይ ናቸው።

የመጀመሪያው ሊያልቅ ሲል ሚስቱ ቁልፏን አስቀምጣ ተነሣች። ሸክላውን ከመጀመሪያው አስጀመረችለት። አምስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። በሦስተኛው ራሷን እየወዘወዘች ነበር፤ እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ብልህ ባል ነው።

እህቱ መጥታ ኮቱን ለበሰች፤ መስታወት ፊት ክንዷን ዘረጋች፣ አጠፈች።

"አንተ ልጅ፣ አሁን ገና ልብስ ሰፊ ሆንክ" አለችው፤ አርባ ዓመት ሙሉ የሰፋላት ሌላ ሰው ይመስል።

እሷ ከወጣች በኋላ ልብስ ሰፊው ፍርዱን ጠበቀ። ሚስቱ የማጫወቻውን ክዳን በእራፊ ጨርቅ ወለወለች፣ ወደ ግድግዳውም ጠጋ አደረገችው።

"ይቀመጥ" አለች። "ግን ይኼ ባልደረባህ ሌላ ሸክላ የለውም?"