የአባቴ ድድ

ቅርንፉድ በሸተተኝ ቁጥር ሳያመኝ ድዴን በምላሴ እዳስሳለሁ። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት፣ ቢቸና አጠገብ ባለች የገጠር ደብር ቄስ የነበሩት አባቴ ክረምቱን ሙሉ ቅርንፉድ ከጉንጫቸው አይለይም ነበር። እናቴ ወቅጣ በጥጥ ጠቅልላ ትሰጣቸው ነበር፣ እሳቸውም ደጅ ወጥተው ሲተፉ ቀይ መሆኑን እንዳናይ በእግራቸው አፈር ያለብሱት ነበር። እኛ ልጆቹ ግን እናይ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ቢቸና ሄደው ቁስል ለሚያክመው ሽማግሌ ድሬሰር አሳዩ። እሱም አፋቸውን አስከፍቶ አይቶ «ፓዮሪያ ነው፣ ድድዎ መግሏል» አላቸውና ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ እንዲጉመጠመጡ አዘዘ። አይ መድኃኒት! ቀዳሽ ቄስ ጠዋት አፉ ውስጥ ውሃ ከገባ ጾሙን ሻረ፣ ደም የሚፈሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም። ደብራችን ያሏት ቀሳውስት ሁለት ብቻ ስለነበሩ፣ ከሁለት ባነሰ ቄስም ስለማይቀደስ፣ አባቴ ከቀሩ ቅዳሴ የለም። ስለዚህ ማታ ማታ ብቻ ይጉመጠመጡ ነበር፣ በየቅዳሴው ጠዋትም ድዳቸውን በነጭ ጨርቅ ዳሰስ ሲያደርጉ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ እናቴ «ተመስገን» ትል ነበር።

ጥር ላይ፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ጨርቁ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደወሉ ተደውሏል፣ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶታል። እናቴ «ማን ያይብዎታል? ዛሬን ብቻ ዋጥ ያድርጉት» አለቻቸው።

«እኔ አይቸዋለሁ» አሉ አባቴ።

ከጎረቤት ደብር ቄስ እንዲመጣ ሰው ልከው፣ ቤት መቅረት ሲችሉ፣ የወር አበባ የመጣባቸው ሴቶች ከሚያስቀድሱበት ወይራ ሥር ሄደው ከሴቶቹ ጋር ቆሙ። ሰዉ ያጉረመርም ጀመር፣ አንዲት አሮጊት «ምን ኃጢአት ቢኖርባቸው ነው?» ስትል ሰማሁ። ሀፍረት አንገቴን አስደፍቶኝ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ። የተላከበት ቄስ፣ እግዜር ይይለት፣ ፀሐይ አናት ላይ ከወጣች በኋላ ደረሰ። አባቴ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዚያው አልተነቃነቁም።

በጋው ሳያልፍ ሞጣ ሄደው የላሉትን ጥርሶች ሁሉ አስነቀሉ፣ ቁስሉም ሽሮላቸው ለፋሲካ ቀደሱ።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ፣ የምኖረውም ከተማ ነው። የወር አበባዬ በመጣ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ ስቆም፣ አጠገቤ ያሉት ወጣት ሴቶች የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ አያለሁ። እኔ ግን ቀና ብዬ ነው የማስቀድሰው። አባቴ እዚህ ቆመው ያውቃሉ።