በባሌ ካሚዮን ከወረታ እስከ ስሜን

ባሌን ያገባሁት ሳላውቀው ነው፤ ካገባሁት በኋላም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ኖርኩ። ሾፌር ነበር። የአንድ የወረታ ነጋዴ ካሚዮን ይነዳል። ከፎገራ ኑግና ሽምብራ ጭኖ ወደ ጎንደርና ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ ከዚያ ገብስና ባቄላ ጭኖ ይመለሳል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን እቤት ያድር ነበር። ሲመጣ እግሩን አጥባለሁ፣ ራቱን አቀርባለሁ፣ «አንቱ» እያልኩ አናግረዋለሁ። እናቴም አባቴን እንደዚያ ስትል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እሱም ዝምተኛ ነው። «ደህና ሰነበትሽ?» ይለኛል፣ «እግዜር ይመስገን» እለዋለሁ፤ አብዛኛው ወጋችን እዚያው ላይ ያልቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። እንግዳ ነበር እንጂ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ገና በዋለ በማግስቱ ጭነቱ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ረዳቱ ወንድሙን ሊድር ሐሙሲት ሄደ፤ ቶሎ እንደማይመለስም አስነገረ። ባሌ ገብቶ መደቡ ላይ ቁጭ አለና ያለ ረዳት ያንን ዳገት መውጣት እንደማይቻል፣ ነጋዴው ግን እህሉ እንዲዘገይበት እንደማይፈልግ ነገረኝ። ያን ያህል ብዙ ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ይሁን፣ ወይም የዚያን ሰሞን ቤቱ ጠቦኝ ስለነበር፣ ሳላስበው አንድ ነገር ተናገርኩ።

«እኔ አለሁ አይደል?»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር፣ አልሳቀም። የረዳት ሥራ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ካሚዮኑ ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ታኮ የሚባለውን ወፍራም እንጨት ከኋላ ጎማው ሥር መሸጎጥ፣ ሞተሩ ሲግል ውኃ መጨመር፣ ጠባብ ቦታ ላይ ወርዶ «ና፣ ና» እያሉ መምራት። እኔም ስንት ዓመት እንስራ ተሸክሜ እንጨት መሸጎጥ እንደማያቅተኝ ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ አባቴን ሳናስፈቅድ አንሄድም አለ።

አባቴ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም በእግራችን ሄድን። አባቴ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ባሌ ነገሩን ሲነግራቸው ወደ እኔ ዞረው ለንግሥ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። ለጠበል? አይደለም። ለቅሶ አለ? የለም። ታዲያ ለምንድን ነው አሉ።

«ለማየት ነው፣ አባባ።»

ለማየት ብሎ አገር ያቋረጠ ሰው፣ ያውም ሴት፣ በዘመናቸው አላጋጠማቸውም። እምቢ ሊሉ ነው ብዬ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። እሳቸው ግን በየጠዋቱ በሚያደርሱት ጸሎት ውስጥ «አስሐትያ» የሚል ቃል እንዳለ ነገሩን። ትርጓሜው ከብርድ ብዛት ውኃ ረግቶ ድንጋይ ሲሆን ነው፤ መምህራቸው እንደዚያ አስተምረዋቸዋል፣ እሳቸውም ለስንት ተማሪ እንደዚያው አስተምረዋል። መምህራቸውም አላዩትም፣ እሳቸውም አላዩትም። ስሜን ላይ ግን አለ ይባላል።

«በይ ሂጂ» አሉኝ። «እኔ ሳላይ ያስተማርኩትን አንቺ አይተሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በእግሬ የደረስኩት እስከ ይፋግ ገበያ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ለእኔ አዲስ አገር ነው። ካሚዮኑ የጣሊያን ጊዜ ነው፤ በሩ በሽቦ ነው የሚታሰረው፣ ወንበሩ ሣር የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው። ግን ከፍ ያለ ነው። የርብን ድልድይ ስንሻገር ከብቶቹን ከላይ አየኋቸው፤ ሜዳው ሙሉ ጀርባና ቀንድ ብቻ። የሠፈራችን ሰዎች እህል ጭነው ወደ ገበያ ሲሄዱ አለፍናቸው። አንዷ አውቃኝ አህያዋን ለቃ ቆማ ቀረች። እጄን ባወዛውዝላት እሷም ግራ እየገባት አወዛወዘች።

የአዲስ ዘመንን ከተማ አልፈን አቀበቱን ተያያዝነው። ጥቂት እንደወጣን ባሌ ሞተሩን አጠፋና «ታኮ» አለኝ። ዘልዬ ወርጄ ሸጎጥኩ፤ እጄ ቢላጥም ካሚዮኑ ቆመ። እሱም ወርዶ በእጁ ወደ ታች አመለከተኝ።

ጣና ነበር። እኔ ጣናን የማውቀው በነሐሴ በቤቴ በር ሥር ሾልኮ ሲገባ ነው። ለእኛ ጭቃ ነው፣ ላም ምላስ ላይ የሚጣበቅ አልቅት ነው፣ የድርቆሽ ክምር የሚወስድ ጎርፍ ነው። ከዚያ አቀበት ላይ ያየሁት ግን ሰማያዊ ነው። ማዶ የለውም። የደመና ጥላ በላዩ ላይ እንደ መንጋ ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ይህ ሁሉ ጎረቤታችን ነበር?» አልኩት።

ያን ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በዚያች ቦታ ባለፈ ቁጥር እንደሚያቆም፣ ረዳቱ ግን «ጋሼ፣ ሞተሩ ታመመ እንዴ?» እያለ እንደሚያስቸግረው፣ ስለዚህ ለሚያሳየው ሰው ሲመኝ እንደኖረ ነገረኝ። ስለ ራሱ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ከዚያ እስከ ጎንደር ድረስ አፉ አልተዘጋም። የእያንዳንዱን ተራራ ስም ያውቃል። የትኛው ምንጭ እንደሚጣፍጥ፣ የት ጠመዝማዛ ላይ ዝንጀሮ እንደሚጠብቀው፣ የቷ መንደር ዳቦዋ እንደሚያምር ያውቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምተኛ ነው ስል የኖርኩት ሰው ቤት ውስጥ የሚያወራው ጠፍቶት ኖሯል።

ጎንደር ገበያው ዳገት ላይ ካሚዮኑ ሲቆም ታኮዬን ይዤ ዘልዬ ወረድኩ። ሰው ከበበን። ሾፌሩ ሚስቱን ረዳት አደረጋት እያሉ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ባሌ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ረዳቴን አታስቀይሙብኝ፣ ሌላ የለኝም» ሲላቸው ሳቁ ወደ ምርቃት ተለወጠ። አንዲት ትልቅ ሴት በሁለት እጄ የማይያዝ ዳቦ ሰጡኝ። የባሌ አክስት ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ላይ ቀጠልን።

ዳባትን አልፈን ብዙም ሳንርቅ ከሥራችን እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማን። ባልስትራው ተሰብሯል፤ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ንብርብር ማለት ነው። እያነከስን፣ በሰው እርምጃ እየሄድን ደባርቅ ገባን። እህሉን አራገፍን። አዲሱ ባልስትራ ከጎንደር በአውቶቡስ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል ተባለ። ባሌ በጣም ከፋው። ለደስታ ብዬ አምጥቼሽ አቧራ ላይ አስቀመጥኩሽ አለኝ። እኔ ግን ያረፍንበት ቤት ባለቤት የሆነችውን ሴት ውኃ ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ ሩቅ ነው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። እዚህ ከተማ ላይ አንዳንዴ ነው፣ ወደ ላይ የአንድ ቀን መንገድ ብትወጡ ግን በየጠዋቱ ነው አለችኝ። ወንድሟ ሁለት በቅሎ አለው። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የሚከናነብ ሰውዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባሌን በአንዱ በቅሎ፣ እኔን በሌላው አስቀምጦ፣ እሱ በእግሩ እየቀደመን መራን።

መንገዱ በገብስ ማሳ ውስጥ ጀመረና በአስታ ጫካ ውስጥ አለፈ። ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር አለቀ። ጅብራ ብቻ ቀረ፤ ግንዱ የሰው ቁመት የሚያክል፣ አናቱ ላይ ቅጠሉ እንደ ጎፈሬ የቆመ ተክል ነው። ከሩቅ ሳየው ሰው ቆሞ የሚጠብቀን መስሎኝ ሰላምታ ልሰጥ ቃጣኝ። ባሌ ካሚዮን ላይ ንጉሥ ነው፣ በቅሎ ላይ ግን ፈሪ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ኮርቻውን እንደ ካሚዮን መሪ በሁለት እጁ ጨበጠ። መሪያችን በቅሎዋ መሪ እንደማያስፈልጋት ነገረው።

የመሪያችን ዘመዶች ቤት አድረን ማለዳ ተነሣን። መሪያችን ከቤቱ ጀርባ በሁለት ኮረብታ መካከል ወዳለች ኩሬ ወሰደን። ፀሐይ ገና የኮረብታውን ጫፍ ብቻ ነክታለች። ሣሩ ነጭ ነው፤ በረገጥኩት ቁጥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። እኔ ቀድሜ ወረድኩ። ኩሬዋ ዳር ደርሼ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ሰደድኩ፤ ጣቴ አልገባም።

አጥብቄ ገፋሁት። እምቢ አለ። ከሥሩ ሣሩ፣ ቅጠሉ፣ አንድ ትንሽ ላባ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ብርሌ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

«አንተ!» ብዬ ጠራሁት። «ናማ እይ! ውኃው ድንጋይ ሆኗል!»

የተናገርኩትን ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ደነገጥኩ። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ ቀና ብዬ ለማየትም አፈርኩ። እሱ ግን እየሮጠ ወርዶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«እንደሱ በይኝ» አለኝ። «አንቱ ስትይኝ ሽማግሌ የሆንኩ ይመስለኛል።»

ከዚያ የሆነውን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ጠጠር አነሣና ኩሬዋ ላይ ወረወረ። ጠጠሩ አልሰመጠም፤ እየተንሸራተተ፣ እንደ ጸናጽል እየጮኸ ማዶ ደረሰ። እኔም ወረወርኩ። የማን ይርቃል ብለን እንደ ሕፃን ተወዳደርን፤ እኔ አሸነፍኩ። ከዳር አንድ ቁራጭ ሰብሬ ዓይኔ ላይ አድርጌ በውስጡ አየሁት፤ አፍንጫው ሰፍቶ፣ ጆሮው ወደ ላይ ተስቦ ሌላ ሰው ሆነ። መሪያችን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያየን ቆየና በመጨረሻ ገብሳችንን የሚያቃጥለውን ውርጭ ለማየት ከፎገራ ድረስ መጣችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አልነው። ራሱን ነቀነቀ። ግን ያን ጠዋት ሳንጠይቀው ወደ ትልቁ ገደል ወሰደን። ከሥራችን ተራራ በተራራ ላይ ቆሟል፣ ጭላዶች የሚባሉት ባለ ጎፈር ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ አሞራው ከእኛ በታች ይበራል። አሞራን ከጀርባው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቁራጩን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ለአባቴ ልወስድ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ነጠላዬ ብቻ ረጥቦ ቀረ። ባሌ ይህን እያወቀ ዝም ብሎኝ ነበር፤ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው ራስሽ እንድታዪው ብዬ ነው አለኝ።

ባልስትራው ደርሶ፣ ገብስ ጭነን፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀር ወረታ ገባን። በማግስቱ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አስነገሩኝ። ቀለሙስ? እንደ ብርሌ ነው። ሲነኩትስ? ይፋጃል፣ እንደ እሳት። እዚህ ላይ ቀና አሉ። ብርድ እንዴት ይፋጃል አሉኝ፤ እኔም እንጃ፣ ፋጅቶኛል አልኳቸው። ጣቴን ይዘው ቃጠሎ የሚፈልጉ ይመስል አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወዲያ ለተማሪዎቻቸው ያንን ቃል ሲተረጉሙ «ልጄ በጣቷ የነካችው» እያሉ ይጨምሩ ነበር አሉ።

ባሌን ሰው ፊት አንቱ ማለቴን አልተውኩም። ካሚዮን ውስጥ ስንሆን ግን አንተ ነበር። ረዳቱም ከሠርጉ ተመልሶ ሥራውን ያዘ፤ እኔ ደግሞ መሄዱን ለመድኩ። በመከር ወራት መሐል እንኳ ምክንያት እየፈለግሁ እሳፈር ነበር።

የሠፈራችን ሴቶች መጀመሪያ አሙኝ። ከዚያ ወንዝ ስንወርድ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ጎንደር ምን ይመስላል፣ ጣና ከላይ ሲያዩት እውነት ሰማያዊ ነው ወይ እያሉ። በሚቀጥለው ዓመት ለጥምቀት ካሚዮኑ ወደ ጎንደር ሲነሣ ሽምብራው ላይ ስድስት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ አህያዋን ለቃ የቆመችው ናት። ባሌ እየደጋገመ በመስኮት ወደ ኋላ እያየ ጭነት እንዲህ ሲዘፍን ሰምቶ እንደማያውቅ ይነግረኛል። ጣና የሚታይበት አቀበት ላይ ስንደርስ ሁሉም በአንድ ድምፅ አቁም አሉት።