ሦስት ሌሊት እዚህ፣ አራት ሌሊት ደብሊን

ኑዋላ ሚምና የኪልቮሄር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ከሆነች ሠላሳ አንድ ዓመት አለፋት። መረጧት ለማለት ያስቸግራል። ባሏ ፎንሲ ጸሐፊ ሳለ ታመመና ደብዳቤዎቹን እሷ ትጽፍለት ጀመር፤ እሱ ሲሞት በተከታዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቤቱ ሙሉ ዞሮ አያት፣ እሷም መዝገቡን ሳትመልስ ቀረች። ቀን ቀን በገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ውስጥ መኖ፣ ምስማር፣ የአጥር ቋሚና ቦት ጫማ ትሸጣለች። ስለዚህ ከልምምድ የቀረ ሁሉ "ላሜ ስትወልድ አምሽቼ" ቢላት አይሠራም። ለጥጃ የሚሆን ዱቄት ወተት ገዝቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ልቅም አድርጋ ታውቃለች።

በዚህ አገር ሰው ኳስ የሚጫወተው ለተወለደበት ሰበካ ነው። ኳሱም የአገሬው ነው፤ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሆነው፣ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ደመወዝ የለም፣ ሽያጭ የለም። አባትህ የለበሰውን ማሊያ ትለብስና ጉልበትህ እስኪከዳህ ትሮጥበታለህ። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው ይባላል፤ እኩልነቱ ግን ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። ደብሊን ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፣ ለልማት የሚመደበውም ገንዘብ ለዓመታት ወደዚያው ሲፈስ ኖሯል። እዚያ ደመወዝተኛ አሠልጣኝ የሌለው ክለብ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በኑዋላ አውራጃ ደግሞ ለክለቦቹ ሁሉ ያሉት አሠልጣኞች ሁለት ናቸው፤ አንድ አሮጌ መኪና ተጋርተው ይዞራሉ፣ ኳሶቹ ከኋላ ወንበር ላይ ይንከባለላሉ።

የአውራጃው ቡድን ከደብሊን ጋር ሲጋጠም ሰው "ማን አሸነፈ?" ብሎ አይጠይቅም፤ "በስንት?" ነው የሚለው። አንድ በጋ በሃያ ሰባት ነጥብ ተረቱ። ያን ቀን ኑዋላ ከስታዲየሙ ስትወጣ አንድ የደብሊን ደጋፊ በሩን ይዞላት "አይዟችሁ፣ ልጆቻችሁ ልበ ሙሉ ናቸው" አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ቤቷ እስክትገባ ድረስ ስትቃጠል ነው የሄደችው።

በአርባ ዓመት ውስጥ ኪልቮሄር ካፈራቻቸው ሁሉ ምርጡ ኦራን ጊልክሪስት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሥራው ደብሊን ካለ የኢንሹራንስ ቢሮ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ወጥቶ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር እየነዳ ለልምምድ ይመጣል፤ እናቱ ኮንሴፕታ ቤት አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳል። ቅዳሜ ደግሞ ለእሑዱ ጨዋታ ይመጣል። ሦስት ሌሊት እዚህ፣ አራት ሌሊት ደብሊን። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ሲል የሰማው የለም።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ አንድ ሰኞ፣ የዝውውር ጥያቄ ኑዋላ ኮምፒውተር ላይ መጣ። ከላይ የኦራን ስም፣ ከሥሩ የአንድ የደብሊን ክለብ ስም፤ ከዚያ ለትውልድ ክለቡ ጸሐፊ ሁለት ሣጥን፦ እስማማለሁ፣ እቃወማለሁ። ኑዋላ ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችውና ለሊቀመንበሩ ለማላኪ ሆሪካን ደወለች።

ኮሚቴው በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ማላኪ ስድሳ ላም ያለው ገበሬ ነው፤ ላሞቹን ከሜዳው ማዶ ሲጠራ የለመደውን ድምፅ በስብሰባም አይቀንሰውም።

"እኛ ጊደሯን እናሳድግ፣ ስትደርስ ደብሊን ትለባት? የለም! ይሄ አይሆንም!"

"ልጁን እኮ ላም አደረግከው፣ ማላኪ" አለው ገንዘብ ያዡ።

"ላምም ቢሆን የኛ ላም ነው! ያሉን ተጫዋቾች አሥራ አምስት ናቸው፣ ያውም አንዱ በአንድ እግሩ ነው የሚሮጠው። ኦራን ከሄደ ቡድን የለንም። ከጎረቤታችን ከድረምካራ ክለብ ጋር መቀላቀል ነው የሚቀረን።"

ከድረምካራ ጋር ከመቀላቀል ሜዳውን አርሶ ድንች መትከል ይሻላል የሚል ሰው እዚያ ውስጥ ሞልቷል።

"ሕጉ ቋሚ መኖሪያው የት ነው ይላል" አለ ማላኪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አልጋው የት ነው? እናቱ ቤት። ጻፊው፣ ኑዋላ። አንቺ የጻፍሽውን ማንም አይጠራጠርም።"

ቅጹን አትማ በእጇ ጻፈችው። አምናበትም ነበር። ከሣጥኖቹ ሁለተኛው ላይ ምልክት አደረገች፣ ጉዳዩም ከዘጠኝ ቀን በኋላ አውራጃው ከተማ ላይ እንዲታይ ተቀጠረ።

ስብሰባው ባለፈ ማግስት፣ ረቡዕ ማለዳ፣ ሱቁን ልትከፍት ስትመጣ ኦራን በር ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ደብሊን መግባት ነበረበት። የመጣውም በራሱ መኪና አልነበረም፤ በጎረቤቱ በጋፍኒ ቫን ነው።

"ስድስት ቋሚና አንድ ጥቅል እሾሃማ ሽቦ" አላት።

"ሥራ የለህም እንዴ ዛሬ?"

"አረፍዳለሁ። የጋፍኒ ከብቶች አጥሩን ጥሰውት፣ ላግዘው ብዬ ነው።"

"መኪናህስ?"

"ጎማ። ኑዋላ፣ ትሸጪልኛለሽ ወይስ ትመረምሪኛለሽ?"

"ሁለቱንም። ለምርመራው አላስከፍልህም።"

ሳቀ፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም። ስለ ዝውውሩ እሱም አላነሳ፣ እሷም አላነሳች። ቋሚዎቹን ቫኑ ላይ ጭኖ ሄደ።

በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግታ ወደ ጋፍኒ መታጠፊያ ነዳች። ሠላሳ ዓመት የአጥር ዕቃ የሸጠች ሴት ናት፤ ከብት አጥር ሲጥስ ከግጦሹ ወደ መንገድ ነው የሚገፋው። እነዚህ ቋሚዎች ግን ከመንገዱ ወደ ግጦሹ ነው የወደቁት፣ የተሰበሩትም ከጉልበት በታች ነው። ሣሩ ውስጥ የመኪና መብራት ስብርባሪ አገኘች። ከመጨረሻው ቋሚ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ የድልድዩ ግንብ ቆሟል። ኑዋላ ወደ አስፋልቱ ተመልሳ የፍሬን ምልክት ፈለገች። እየተመላለሰች ፈለገች። የለም። ልጁ ፍሬን አልያዘም፤ ተኝቶ ነበር። እመንገዱ ዳር ተቀመጠች።

ለማንም አልተናገረችም። ባሰበችው ቁጥር ግን ያ ደንበኛ የእጅ ጽሑፏ፣ "ቋሚ መኖሪያው ኪልቮሄር ነው" የሚለው፣ ዓይኗ ላይ ይመጣባት ነበር። ይባስ ብሎ ኮንሴፕታ ሱቅ ድረስ መጣች።

"አደራሽን፣ ኑዋላ፣ ልጄን አስቀሪልኝ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ድንቹን ምድጃ ላይ ትቼ የመኪናውን ድምፅ ነው የምጠብቀው። እነዚያን ሦስት ቀን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?"

ኑዋላ የምስማር ሣጥን ታስተካክል ጀመር።

በቀጠሮው ቀን በአውራጃው ከተማ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ጉዳዩን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ከደብሊን ክለብ የመጣው ወጣት የሚያምር ጃኬት ለብሷል፤ ለሁሉም ውኃ ቀዳ፤ እንዳይጠላ ሆኖ ጨዋ ነው። ኦራን ከረቫት አስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማላኪ ኑዋላ አጠገብ ሆኖ ቆቡን ይጠመዝዛል።

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ አያት። "ወይዘሮ ሚምና፣ ይሄ የእርስዎ ፊርማ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከእርስዎ የተሳሳተ ወረቀት መጥቶልን አያውቅም። የልጁ ቋሚ መኖሪያ ኪልቮሄር ነው?"

አዎ ብትል አለቀ። ልብሱ፣ አልጋው፣ የእናቱ ድንች ሁሉ እዚያ ነው፤ ውሸት እንኳ ሊባል አይችልም። አዎ ብትል ኪልቮሄር በሚቀጥለው እሑድ ቡድን አላት፣ ፎንሲ የለበሰው ማሊያ ሜዳ ይገባል። ማላኪ በክርኑ ነካ አደረጋት።

"ሦስት ሌሊት እዚህ ያድራል፣ አራት ሌሊት ደብሊን" አለች። "እዚህ የሚያድረውንም ያድራል እንጂ አይተኛም። ቤቱ ደብሊን ነው። ተቃውሟችንን አንስተናል።"

"ከመቼ ጀምሮ?" ጮኸ ማላኪ።

"ከጋፍኒ መታጠፊያ ጀምሮ።"

ሦስቱ ሰዎች ተያዩ። ኦራን ግን ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቶ አንገቱን ደፋ።

ሲመለሱ ማላኪ ነው የነዳው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መኪናውን አቆመ። በግራጫው አጥር መሀል ስድስቱ አዳዲስ ቋሚዎች ነጥተው ይታያሉ። ቆጠራቸው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ግንቡ ሄደ።

"ፍሬን ይዟል?"

"አልያዘም።"

ማላኪ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። "ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርህ ዘዴ ትፈልግ ነበራ። ሹፌር እንቅጠርለት ትል ነበር።"

"እቀጥርለት ነበር!"

"በምን ገንዘብ?"

ማላኪ ሞተሩን አስነሳ።

ሰበካው ቶሎ ይቅር አላላትም። አንድ ሰውዬ ከእሷ ላለመግዛት ሲል ለአንድ ኪሎ ምስማር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እየነዳ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ኮንሴፕታ ወር ሙሉ ሱቁን አልረገጠችም። ሚያዝያ ላይ ኪልቮሄር በአሥራ አራት ሰው ወጥታ ክፉኛ ተሸነፈች። ለድረምካራ ክለብ የመቀላቀሉን ጥያቄ የጻፈችው ኑዋላ ናት። ሦስት ጊዜ እየቀደደች ጻፈችው፤ "በአክብሮት" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ እጇ እምቢ እያላት።

አንድ ማክሰኞ፣ እራቷን ልትጨርስ ስትል፣ ስልኳ ጮኸ። ኦራን ነው።

"ከልምምድ ወጥቼ ቤት ገባሁ" አላት። "በእግሬ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ፣ ኑዋላ።"

"በላህ?"

"እየበላሁ ነው። ለእናቴም ነገርኳት። እውነቱን፣ ስለ አጥሩ።"

"ምን አለችህ?"

"አለቀሰች። ከዚያ ሰደበችኝ። ከዚያ ነገ ኑዋላ ጋ እሄዳለሁ አለች።"

ኑዋላ ሳህኗን ገፋ አደረገች። "በል ተወው። ይልቅ የት አሰለፉህ? መሀል ላይ ነው?"

"ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነኝ። ተጠባባቂ።"

"አንተ? ተጠባባቂ?"

"እዚህ እኔን የመሰለ በየመንገዱ ነው። ለሩጫ ለብቻ አሠልጣኝ አለ፣ ለምግብ ለብቻ ሰው አለ። ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ እንደዚያ ነው ያደጉት።"

"ዕውሮች ናቸው" አለች ኑዋላ፣ ደሟ ፈልቶ።

"አይደሉም" አለ ኦራን። "ሀብታም ናቸው።"

በአርባ ዓመት አንዴ የተገኘ፣ አንድ ሰበካ ያላትን ሁሉ አድርጋ ያሳደገችው ልጅ፣ እዚያ የሁለተኛ ቡድን አግዳሚ ወንበር ማሟያ ነው። ተናደደች፣ አለቀሰች፤ እንባዋ ግን የንዴት ብቻ አልነበረም።

"በል ሂድ ተኛ" አለችውና ስልኩን ዘጋች።