አክስት ሆኜ የዋልኩበት ቀን

ልጄ በሦስት ዓመቷ ሄዳ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ስትመለስ፣ ካሳደጓት ፈረንጆች ጋር ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ አገኘኋት። የተነገራት ግን አክስቷን እንደምታገኝ ነው። እናቷ ሞታለች። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል፤ ከወረቀቱ ግርጌ ያለው የጣት አሻራ ደግሞ የኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባሌ በሞተ በዓመቱ እኔም ታምሜ አልጋ ያዝኩ። ልጆችን ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ሰውዬ መጣና፣ እናት ያላት ልጅ ወረፋዋ ብዙ ነው፣ ወላጅ የሌላት ግን ቶሎ ትሄዳለች አለኝ። ታላቅ እህቴ ሳትወልድ ያረፈችው በዚያው ክረምት ነው። «እሷን እናት እናድርጋት፣ አንቺ አክስት ሁኚ» አለ፣ ቀሚስ አሳጥሪልኝ የሚል ይመስል ቀለል አድርጎ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የማታ ትምህርት የገባሁት በኋላ ነው። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። እሞታለሁ ብዬ ነበር። አልሞትኩም፤ ምን ላድርግ! አሁን ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ።

ሆቴሉ ውስጥ አስተርጓሚው አስተዋወቀንና ልጅቷ አቀፈችኝ። አሥራ አምስት ዓመት ያን ቀን ስጠብቅ ኖሬ፣ ምንም አልተሰማኝም። ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ እግር ይደነዝዝ የለ፣ የራስ ሆኖ ሳለ የሰው የሚመስለው? እንዲያ ነበርኩ። ዓይኔ ግን የለመደውን ሠራ፤ ትከሻዋን ለካ፣ ወገቧን ለካ፣ የጃኬቷ ጠርዝ በግራ በኩል መተርተሩን አየ። እናትየዋ፣ ያሳደገቻትን ማለቴ ነው፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እኔ ምነው አላለቀስኩም? እግዜር ይወቅ። «ተቀመጡ፣ ኧረ ተቀመጡ» አልኩ፣ ሆቴሉ የኔ ይመስል።

ልጅቷ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የእናቷን መቃብር ማየት። እህቴ የተቀበረችው አምባ ጊዮርጊስ፣ ተወልደን ባደግንበት ነው። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበት ሰሞን ነበርና በማግስቱ ማኪና ተይዞ እንድንሄድ ተወሰነ። እሺ ብዬ ከወጣሁ በኋላ ነው የታወሰኝ። ሞት ይርሳኝ! ያገሩ ሰው ሁሉ የማን እናት እንደሆንኩ ያውቅ የለም እንዴ! ቶሎ ብዬ ለአባቴ ጎረቤት ደወልኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አያ ነው የምላቸው።

«አያ፣ ነገ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ። እኔ አክስቷ ነኝ፣ እናቷ እህቴ ነበረች። አንቱ ለሰዉ ይንገሩልኝ።»

«እናቷ ሞታለች ነው የምትይው?» አሉ።

«ወረቀቱ እንዲያ ነው፣ አያ።»

«ሸጋ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ምኑን ሸጋ እንዳሉት የገባኝ በማግስቱ ነው።

ደርሰን ከማኪናው ስንወርድ አያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናቷ ሞታ ሳታለቅስ የቀረች ልጅ ስትመጣ፣ ስንት ዓመት ቢያልፍ ለቅሶ ይደረስላታል፤ ያገራችን ወግ ነው። አያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሞታለች ካልሽ፣ ልጅቱ እርሟን ታውጣ» አሉኝ። ቁጣ ይሁን ወግ ማክበር፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ልጅቷንና ፈረንጆቹን ከፊት አስቀመጧቸው። እኔን ከጎኗ። እህቷ የሞተችባት ነኛ! አብረውኝ እንጨት የለቀሙ፣ በዚያ በሽታዬ ያስታመሙኝ ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ «እግዜር ያጥናሽ» አሏት፤ ዞር ብለውም እኔን «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። አብዛኞቹ ዓይኔን አላዩም። አንዷ ብቻ ጉልበቴን ጨመቅ አድርጋ «አይ አንቺ!» ብላኝ አለፈች። የልጅቷ እንባ ወረደ። እኔ ለራሴ ለቅሶ ተቀምጬ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ። የገብስ ቆሎ መጣ፤ ፈረንጁ አባቷ አንድ አንድ እያነሳ ቆረጠመ። እኔም ቆረጠምኩ። ጨው አንሶታል ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

ምነው ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። አስተርጓሚው እዚያው ነበር፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን የሞተች እናት ልጇን አልሰጠችም፤ ሞት ነው የለያቸው፣ ማንም አይቀየማትም። የሰጠችው በሕይወት ያለችው ናት። አፌን ከከፈትኩ ለቅሶው ያበቃና «ምነው ሰጠሽኝ?» ይመጣል። እሱን ፈራሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም።

መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ፣ ከጥድ ሥር ነው። ስንሄድ ድንጋይ አደናቀፋትና «እኔን!» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ማንም ይለዋል፣ ምንም የለበትም። ተንበርክካ መቃብሩ ላይ የወደቀውን የጥድ ቅጠል በመዳፏ ጠረገች፣ ግንባሯንም ድንጋዩ ላይ አደረገች። እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በቁሟ ያላገኘችውን ልጅ ሞታ አገኘች። ቀናሁባት። በሞተ ሰው ይቀናል እንዴ! እኔ ግን ቀናሁ። ከጠዋት ጀምሮ የተሰማኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ነገረችው።

«እናቴ ምን ብላ ነበር የምትጠራኝ? የቤት ስም ነበረኝ ወይ? ትላለች።»

ነበራት። ከኔ በቀር ማንም የማይጠራት ስም። እዚህ አልጽፈውም። ቀስ ብዬ ነገርኳት።

«እንደዚያ አይደለም፣ እናቷ እንደምትጠራት አድርገው ይጥሯት ትላለች። ልትቀዳው ነው።»

አያ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ ማሳ ማዶ የሄደች ልጅ እንደሚጠሩ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርጌ ጠራኋት። አንዴ ብቻ። ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ጠየቀች።

«ድምጿ እንደ እርስዎ ድምፅ ነበር ወይ? ትላለች።»

አስተርጓሚው አየኝ፣ አያም ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቀራረባል» አልኩ። «እህትማማች አይደለን!»

እነሱ ተራራውን ለማየት ወደ ደባርቅ ይቀጥላሉ፤ እኔ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ልመለስ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ጃኬቷን አስወልቄ የተተረተረውን ጠርዝ ሰፋሁላት፤ መርፌ ከቦርሳዬ አይጠፋም። አመሰገነችኝ፣ ሳመችኝ፣ «አክስቴ» አለችኝ በአማርኛ። መንገድ ላይ ያጠናችው መሆን አለበት።

ማኪናው ሲነሳ በተከፈተው መስኮት ድምፄን ሰማሁት። ስልኩን ከፍታው ነው። ያን ስም ይጠራል። ደግማ ከፈተችው፣ ደግሞ ጠራት። ኩርባው ጋ እስኪታጠፉ ድረስ እናቷ ትጠራት ነበር፤ እኔ አፌን ዘግቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜአለሁ።