ከቧንቧው ሥር የተነቀለ ሣር

ነገሌ ቦረና ሳልረጋ በፊት ብዙ ከተማ ዞሬአለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ጓዜን ጠቅልዬ እከተለዋለሁ። ወደራ ላይ ጨው ቸረቸርኩ፤ ዱብሉቅ ላይ ለከብት ነጋዴ ሻይ አፈላሁ፤ ፊልቱ ላይ የዝናቡን ወራት በሙሉ በወባ ተኛሁ። የዱብሉቅን ጉድጓዶች ነገር ካነሳሁ አልመለስም፤ ሰዎቹ ከጥልቁ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃ ሲቀባበሉ ማየት ነው... ይቅር፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ባለቤቴ ነገሌ ላይ ሲሞትብኝ መኪናውም መንገዱም ቀረ፤ እኔም ባለሁበት ተተከልኩ።

ጥሎልኝ የሄደው ቤት ከማሠልጠኛው አጥር ፊት ለፊት ነበር። ማሠልጠኛ የምለው ጢም ያወጡ ተማሪዎች የእንጨት ሥራና የከብት ሕክምና የሚማሩበትን ቦታ ነው። ጊዜው ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ነው። የፊቱን ክፍል ሻይ ቤት አደረግሁት፤ የጓሮውን ለእንጨት ሥራው መምህርና ለሚስቱ አከራየሁ። ደገኞች ናቸው። ሲመጡ ሙቀቱ አንገታቸውን አስደፍቷቸው ነበር። ሚስቱ የመጀመሪያ ፅንሷን ያጣችው ወደዚህ ሲመጡ መኪና ላይ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ውሎ ወደራ ሲደርሱ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አሁን እንደገና ሆዷ ገፍቷል። ጥላ ሥር ተቀምጠን ምስር ስንለቅም፣

«እማማ፣ ሁለተኛ ጭነት መኪና ላይ አልወጣም» ትለኛለች። «እዚሁ እወልዳለሁ፤ እዚሁ አባቱ ያቅፈዋል።»

«ይሁንልሽ» እላታለሁ። ምን ከባድ ነገር ለመነች? ባል ካጠገቧ እንዲሆን ብቻ ነው።

መምህራኑ ማኅበር ነበራቸው። የማሠልጠኛው ኃላፊ ግቢ ውስጥ እንዳይሰበሰቡ ስለከለከላቸው የሚሰበሰቡት እኔ ሻይ ቤት ነው። ሊቀመንበር ሲመርጡ ስኒ እያጠብኩ እሰማ ነበር። ተከራዬ «እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» ቢላቸው፣ የከብት ሕክምናው መምህር፣ ተጫዋች ሰው ነው፣ «ወንበር የምትሠራው አንተ፤ ታዲያ ማን ሊቀመንበር ይሁን?» አለው። ሳቁ፤ እጅ አወጡ፤ አለቀ። ሹመት እንዲህ ቀላል ከሆነ እኔንም ሹሙኝ ብዬ አብሬ ሳቅሁ።

ያ ተጫዋች ሰው ብዙ አልቆየም። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው የኃላፊውን የከብት በረት ሲያጥሩ ይከርማሉ። እሱ «እነዚህ ልጆች የመጡት መርፌ መውጋት ሊማሩ እንጂ እሾህ ሊጎትቱ ነው እንዴ?» አለ። ወዲያው ከዚህ ተነሥተሃል አሉት። የጠየቀው የለም፣ የሰማው የለም። አልጋውን ለጎረቤታችን ለሐጂው ሸጦ፣ በማግስቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ማኅበርተኞቹ ማስተማር ያቆሙት። የሚሉት ሁለት ነገር ነው፦ የሄደው ይመለስ፤ ከእንግዲህም ማንም ሳይጠየቅና ሳይሰማ እንዳይነሣ። ጠዋት ጠዋት በሰዓታቸው ይመጣሉ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፣ ጠመኔያቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ግን በሩን አያልፉም። ከአጥሩ ውጭ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ኃላፊው በመስኮት ያያቸዋል፤ እነሱም መስኮቱን ያያሉ።

ሐጂው ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ይነካካቸዋል።

«እናንተ ሥራ አቁማችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ፤ እኔ ሥራ ሳላቆም እንኳ ሻይ አላገኝም!»

«ሐጂ፣ ማኅበር ይግቡ!» ይሉታል።

«ከማን ጋር? ከፍየሎቼ ጋር?»

እንዲህ እየተሳሳቁ ቀኑ ይመሻል። ሚስቲቱ ግን አትስቅም። በጓሮ በር ብቅ ብላ ግራሩን ታያለች፤ ባሏ መኖሩን አይታ ትመለሳለች።

አሁን የዚህን አገር ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዋለ ማለት ተጣልቷል፣ አስታራቂ ይጠብቃል ማለት ነው። ደገኛ መምህር ይህን አያውቅም። እነሱ ግራሩ ሥር የተቀመጡት ፀሐይ ሸሽተው ነው። ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን እያየ ያልፋል፤ አይቶም ያዝናል። እነዚህ የሰው ልጆች ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ ሽማግሌ እንዴት ይጠፋላቸዋል? ወገን የላቸውም እንዴ?

አንድ ጠዋት የባለቤቴ አጎት መጡ። በአካባቢው ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው፤ ስንት ደም አድርቀዋል። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«አካም ቡልቴ?»

«ናጋ፣ አቦ። አንቱስ ደኅና አደሩ?»

«ናጋ። እነዚያ ልጆች አስታራቂ አጡ እንዴ?»

«አቦ፣ አልተጣሉም። በማኅበር ሆነው እየጠየቁ ነው።»

«ካልተጣሉ ለምን አይነጋገሩም?»

ወተት የበዛበት ሻይ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ።

ለመምህሩ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«እማማ፣ በእመቤቴ! ሽማግሌ እንዳይገባብን። ሽማግሌ ገብቶ ይቅርታ ከለመነ አጥፍተናል ማለት ነው። እኛ ደግሞ አላጠፋንም። አንቱ ያውቋቸዋል፤ ይንገሩልኝ።»

ሄጄ ነገርኳቸው። በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቦታው ድረስ ሄጄ፣ መሬት ተቀምጬ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፤ አቋርጠው አያውቁም። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«ልጅ ሲያመው መድኃኒት ልስጥህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?»

«አቦ፣ ራሱ ነው አይሁን ያለው።»

«ኩራት ነው። ወጣት ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት አላልሽኝም? ለሷ ስል ነው የምሄደው።»

ከዚህ በላይ ሴት ልጅ ከሽማግሌ ጋር ምን ትከራከራለች? ተነሥቼ መጣሁ።

ሽማግሎቹ ሲመጡ አምስት ስድስት ሆነው ነው። በዚህ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይሄዳል። ሣር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ሣር የተያዘበት ነገርም ተመልሶ አይነሣም። ወራቱ ግን በጋ ነበር፤ ሜዳው አመድ መስሏል፤ ከብቱ አጥንቱ ተቆጥሯል። ከተማው ዙሪያ አንድ አረንጓዴ ነገር የሚገኘው ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ ከሚያፈሰው ቧንቧ ሥር ብቻ ነው። ሽማግሎቹ ዘበኛውን ሰላም ብለው ገቡ፤ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለው እፍኝ እፍኝ ነቀሉ፤ ወደ ኃላፊው በረንዳ ሄዱ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜአለሁ።

ኃላፊው ወጣ። ቆላ ብዙ ዓመት የኖረ ነው፤ ሣሩን ሲያይ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ጎንበስ ብሎ፣

«አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ።

አጎታችን ሣሩን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። «ልጆቹ አጥፍተዋል። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል። ይቅር በላቸው።»

ከግራሩ ሥር ተከራዬ ተነሣ። ሰው ፊት መናገር አልችልም ያለው ሰው ነው።

«አላጠፋንም! አባባ፣ እኛ አላጠፋንም!»

አጎታችን ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ብቻ አነሱ። «ጨል ጄዲ! ዝም በል ልጄ፤ አባት ሲናገር።»

ኃላፊው ሣሩን ተቀበለ። አገላበጠው፤ ሳቀ።

«ይሄ ከእኔ ቧንቧ ሥር አይደለም እንዴ? የገዛ ሣሬን ይዛችሁ ለመናችሁኝ፤ እንዴት አድርጌ እምቢ እላለሁ? ይቅር ብያለሁ። ነገ ሲደወል ይግቡ።»

«ናጋ! ናጋ! ሰላም ወረደ!» አሉ ሽማግሎቹ ተቀባብለው። በደስታ ነው የወጡት። አጎታችን ባጠገቤ ሲያልፉ፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብለው፣ «አየሽ? ቀላል ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ ሻይ ቤቴ ውስጥ መምህራኑ ተጨቃጨቁ። ንድፍ የሚያስተምረው መምህር የአገሩ ልጅ ነው፤ ከሽማግሎቹ አንዱ አባቱ ነው።

«ሣር ተይዟል» ይላል። «እኔ አልገባም ብል አባቴ ከቤት ያስወጣኛል። እናንተ ነገ ትዛወራላችሁ፤ እኔ እዚሁ ነው የምቀበረው።»

«እኛ እኮ ይቅርታ አልጠየቅንም» ይላል ተከራዬ።

«እነሱ ጠይቀውልናል።»

«ያልበደልኩትን?»

«ወንድሜ፣ በድለህ ቢሆን ኖሮ ይቀልህ ነበር» አለው አንዱ። ማንም አልሳቀም።

ደወሉ ተደወለ። መጀመሪያ የአገሩ ልጅ ተነሣ። ቀጥሎ ሌላው ስኒውን ሳይጨርስ ተነሣ። አንድ በአንድ አለቁ። ተከራዬ ብቻውን ቀርቶ ጠመኔውን በጣቱ ያሽከረክራል። አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር አይሆንም። ሚስቱ በጓሮ በር ቆማ ታየዋለች። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ እሱም ገባ።

ሳምንት ቢሞላ ነው፤ ጠርተው መዛወሩን ነገሩት። ቦታው ከፊልቱ ወዲያ ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ማሠልጠኛ የለባትም፣ የሚላግ እንጨት የለባትም። መጋዘን ትጠብቃለህ ነው ያሉት። ሳይጠየቅና ሳይሰማ ማንም እንዳይነሣ ብሎ የተቀመጠው ሰው ራሱ ሳይጠየቅና ሳይሰማ ተነሣ።

አጎታችን ሲሰሙ አላመኑም። ሣር እኮ ተይዟል! በትራቸውን ይዘው ብቻቸውን ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ሄድኩ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ኃላፊው ወንበር ሰጣቸው። ያ ሣር መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ደርቋል።

«አባቴ፣ ይቅርታዬን አላጠፍኩም። ይኸው ሣሩ፣ አልጣልኩትም» አላቸው። «ዝውውር ቅጣት አይደለም፤ ሥራ ነው። ደግሞስ፣ አላጠፉም ብላችሁኝ ቢሆን አጣሪ ይመጣ ነበር፤ ይጠየቁ ነበር። አጥፍተዋል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

አጎታችን ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን የደረቀውን ሣር ያያሉ። «ነፍሰ ጡር ሴት አለች» አልኩት እኔ፤ «መኪና አይሆናትም፤ እስክትወልድ ብቻ።» ኃላፊው ክፉ ፊት አላሳየኝም። «እማማ፣ እኔስ የታዘዝኩ ሰው አይደለሁ?» አለኝ። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። የሚያውቅም ሰው አላገኘሁም።

የሚሄድበት ቀን ኤንትሬው፣ ትልቁ የጭነት መኪና፣ ከገበያው ዳር ቆሟል፤ ስኳርና ሸራ ጭኗል። መምህሩ የመሣሪያ ሣጥኑን ከላይ አሰረ። ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትንሽ ጓዝ ይዛ መጣች። «እኔም እሄዳለሁ» ትላለች። ጎማውን ስታይ ግን እኔ ላይ ተደገፈች።

«አትወጪም» አላት። «እማማ ጋ ትሆኛለሽ። ስትወልጂ እመጣለሁ።»

«ማን ይለቅሃል?»

የሣጥኑን ገመድ እንደገና አጠበቀ።

አጎታችን ከሰው ኋላ ቆመው ነበር። መምህሩ አይቷቸው ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ጥሩ ያሳደጉት ልጅ ነው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ምን ላድርግልህ?» አሉት።

«ምንም፣ አባባ። እባክዎ፣ ምንም አያድርጉልኝ።»

መኪናው ሄደ። አቧራው እስኪረግብ ቆመን ቀረን፤ የሚነካካን ሐጂ እንኳ በዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። የመምህሩ ሚስት ፊደል ያስቆጠረችኝ ያኔ ነው፤ ሁለታችንም የምናደርገው ስላጣን፣ በከሰል ግድግዳው ላይ። አጎታችን ጠዋት ጠዋት ወተት ያመጣሉ። ከበሩ አያልፉም፤ ዕቃውን ለእኔ አቀብለው፣ «ደኅና ናት?» ብለው ይመለሳሉ። ዝናቡ ሲገባ የፊልቱ መንገድ ተቆረጠ። መኪና ከጭቃ ውስጥ ቀረ አሉ፤ ማንም ከዚያ አይመጣም፣ ማንም አይሄድም። ልጁ የተወለደው በዚያ ዝናብ ውስጥ ነው፤ ወንድ፣ ደኅና፣ ጩኸቱ ቆርቆሮ የሚያነሣ። እናቱ አቅፋው ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

አጎታችን መጡ። አገሩ ሁሉ ለምልሟል፤ ከደጃፋችን ጀምሮ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አራስ ቤት ሲመጣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ይመርቃል። እሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ቆመዋል።

«አቦ፣ ከእግርዎ ሥር ነው እኮ። ነቀል አድርገው ይመርቁልን» አልኳቸው።

ወደ ታች አዩ። እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

«አባቱ ሲመጣ» አሉ።

ዝናቡ አለፈ። መንገዱ ደረቀ፤ መኪኖች ከፊልቱ መምጣት ጀመሩ። ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር እሷ ልጁን ይዛ ትወጣለች፤ እኔም ስኒ ይዤ እወጣለሁ፤ አጎታችንም ከበሩ ውጭ ከተቀመጡበት ይነሣሉ። ወራጁን ሁሉ አይተን እንመለሳለን። የደጃፋችን ሣር መጀመሪያ ቢጫ፣ ኋላ አመድ ሆነ። ከቧንቧው ሥር ያለው ብቻ እንደለመለመ ነበር።