የድሪቶው መኪናና የተረፈው ጠበል

ስልኬ ሲጮኽ የድሬዳዋ ፀሐይ የቤቱን ቆርቆሮ እያንጣጣው ነበር። የደወለችው ደብረ ማርቆስ ያለችው የእኅቴ ልጅ ማስተዋል ናት። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «አክስቴ፣ የምሥራች! ማኅበሩ ለድሪቶው አዲስ የስፌት መኪና ሊገዛ ነው። እርስዎ ያውቃሉ ብለው ነው ያስደወሉኝ፤ የእግር ይሻላል ወይስ የኤሌክትሪክ?» አለችኝ።

እልል ማለት ሲገባኝ፣ «መርጦ የሚገዛው ማን ነው?» አልኳት።

«ኧረ አክስቴ! ሌባ ገባ ያልኩዎት አስመሰሉት እኮ» ብላ ሳቀች።

«እትዬ አስካለስ አሉ?»

«አሉ፣ በምርኩዝ ይመጣሉ። የመኪናውን ወሬ ሲሰሙ ግን ምንም አላሉም።»

ምንም አላሉም! የማኅበራችንን አንጋፋ እትዬ አስካለን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ በሰላም ምሳውን አይበላም። እኔም አልበላሁም።

ድሪቶ ሲባል ለከተማ ሰው የሚታየው የለማኝ ልብስ ነው። የማርያም ማኅበራችን ድሪቶ ግን ሌላ ነው። ከልብስ ሰፊዎች የለመነውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አጥበን፣ ቀለሙን ከቀለም አስማምተን እንገጣጥመዋለን። ከሥሩ ያረጀ ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ደግሞ ሌላ ጨርቅ እናነጥፍና ሦስቱን አንድ ላይ እንሰፋቸዋለን። ወደ ደብረ ኤልያስ ወርደው ቅኔ ለሚማሩ ልጆች ነበር የምንሰፋው። ኅዳር ሲገባ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት አገር፣ እነዚያ ልጆች ጎጇቸው ውስጥ ተቃቅፈው ነበር የሚያድሩት። እዚህ ድሬዳዋ ብርድ ልብስ ቢሰጡህ የሰደቡህ ይመስልሃል፤ እዚያ ግን ነፍስ ነው።

ሦስት ድርብ ጨርቅ በእጅ መስፋት ጣት ያደማል። ስለዚህ መኪና እንዲገዛ ተወሰነና መራጯ እኔ ሆንኩ። ያኔ ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያውን ጥቂት ለምጄ ነበር። ደግሞም ተጠራጣሪ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። እናቴ ገበያ ወጥታ እንቁላል ስትገዛ ውኃ ውስጥ ሳትነክረው አትከፍልም ነበር፤ ከዚያ ቤት ነው የወጣሁት። እትዬ አስካለ ምስክር ሆነው አብረውኝ እንዲሄዱ ተደረገ። የሰው እምነት ከነምስክሩ ነው።

ጥቅምት ነበር። ጭቃው ደርቆ የጋሪው መንገድ ተሰነጣጥቋል። እትዬ አስካለ የባቄላ እሸት ከነግንዱ ገዝተው ጋሪው ላይ እየፈለፈሉ አጎረሱኝ። እኔ ግን ልቤ መኪናው ላይ ስለነበር ጣዕሙም አልታወቀኝ። አቶ ይሁኔ የሚባሉት ነጋዴ ሱቃቸው ውስጥ ከሳጥን የወጡ ሁለት መኪናዎች አቁመው ጠበቁን። አንዱ ቀላል፣ የወርቅ ቀለም አበባ የተሣለበት፣ የሚያብለጨልጭ። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ እንደ በሬ የቆመ።

«ለማኅበሩ ክብር የሚሆነው ይኸ ነው» አሉ እትዬ አስካለ፣ አበባውን በጣታቸው እየዳበሱ።

አቶ ይሁኔ ስስ አቡጀዴ አቀረቡልኝ። «ሞክሪው የኔ እኅት፤ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው።»

በአቡጀዴ ማን ይታለላል! ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ያመጣሁትን ጥቅልል አወጣሁ፤ ጋቢ፣ ከላዩ ካኪ፣ ከሥሩ ካኪ።

«ይቺ ልጅ የፖሊስ ልጅ ናት እንዴ?» አሉ ነጋዴው ወደ እትዬ አስካለ ዞረው።

«ኧረ የእናቷ ልጅ ናት፤ ከፖሊስም ትብሳለች» አሉ እትዬ አስካለ።

አበባማው መኪና ገና እጥፉ ላይ ሲደርስ አቃሰተና መርፌው ተሰበረ። ጥቁሩ ሳይናገር አለፈ። መልሼ አሳለፍኩት፣ አሁንም አለፈ። ያን ጊዜም እንኳ አላመንኩም፤ ሰውዬው ጥቁሩን ሊሸጥልኝ ፈልጎ የዚያኛውን መርፌ አላልቶት ይሆን እያልኩ መርፌውን ቀይሬ ደግሜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ጥቁሩን ገዛን። አቶ ይሁኔ ምርቃት ብለው አንድ መቀስ በእጄ አስጨበጡኝ። እትዬ አስካለ መቀሱን አዩ፤ እኔንም አዩ፤ የቀረውን እሸት ብቻቸውን እየበሉ ተመለስን።

በማግስቱ የእመቤታችን በዓል ነበርና ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ መምሬ ጥሩነህ፣ የነፍስ አባታችን፣ ጸሎት አድርሰው መኪናውን በመስቀላቸው ጫፍ ጠበል ረጩት። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ እኔም ከሁሉ ቀድሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መኪናው አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፈነ። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ መጣ፣ ጊዮርጊስ መጣ። እኛ አገር በበዓል መርፌ አይነሣም። በዓል በበዓል ላይ ተደርቦ መኪናው ታፍኖ ከረመ።

ላስቲኩን ስናነሣ መሽከርከሪያው አልዞር አለ። ጎማው እንደያዘው ጋሪ ቀጥ! በጎኑ ዝገት ወርዶ እንጨቱን አቅልቶታል።

«አሮጌውን ቀለም ቀብቶ ሸጠላት» አሉ እትዬ አስካለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። «ታዲያ መቀስ እንዲያው ይሰጣል?»

ሌሎቹ እንዳልሰማ ሆነው ጨርቅ የሚያጥፉ መሰሉ። የሚታጠፍ ጨርቅ ግን አልነበረም። ያላገባች ልጅ በማኅበር ፊት ጉቦ በላች ከተባለች ምን ይቀራታል? አንገቴን ደፍቼ መኪናውን ዘንበል ሳደርገው ከሆዱ ውኃ ወጥቶ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ጠብታ አልነበረም፤ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። ጠበሉ ነው ያበላሸው ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት? ይህን ካልኩ ከጉቦ በሊታነት ወደ መናፍቅነት መሻገሬ ነው።

መምሬ ጥሩነህን ያስጠራኋቸው እኔ ነኝ። በር ላይ ጉልበታቸውን ስሜ፣ «አባቴ፣ ውኃ ገብቶበታል» ብቻ አልኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ዝገቱን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት።

«ጠበል ክፉ አይሠራም» አሉ። «ብረት ደግሞ ሲረጥብ እንዲዝግ ሆኖ ተፈጥሯል። እኔ በመስቀል ጫፍ ነው የረጨሁት። ማሰሮው ውስጥ የተረፈውን የት አደረሳችሁት?»

የተረፈ ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ንጹሕ ቦታ ይፈለግለታል። አንዷ ከተባረከው መኪና የበለጠ ንጹሕ ቦታ አላገኘችም ማለት ነው። ወይም ሌላ ነገር አስባለች። እኔ የማየው እትዬ አስካለን ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት ጣሪያውን ነበር።

«በሉ ዘይት አምጡ» አሉ መምሬ። እትዬ አስካለ ተሽቀዳድመው የኑግ ዘይት ይዘው ደረሱ።

«ወጥ ልንሠራ ነው እንዴ?» አልኩ፣ ሳላስበው።

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ነጭ ጋዝና የመኪና ዘይት ከልብስ ሰፊው አስመጥቼ ዝገቱን እያጠብኩ ዋልኩ። ወደ ማታ መሽከርከሪያው አቃስቶ ዞረ። ድሪቶዎቹ ከብርዱ ቀድመው ተሰፉ፤ በፈረስ ተጭነው ወደ ልጆቹ ሄዱ። ስሜ ግን እንደ ብረቱ በነጭ ጋዝ አልጠራም። መቀሱን ወስጄ ለአቶ ይሁኔ መለስኩላቸው። «ምን አስቀየምኩሽ?» ብለው አዘኑብኝ። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ፣ «ንጹሕ ብትሆን ለምን ትመልሳለች?» አሉ አሉ። ብይዘውም ወንጀል፣ ብመልሰውም ወንጀል። ካገባሁ በኋላ ባለቤቴን ተከትዬ ወደዚህ ስመጣ የሸኘኝ ሁሉ መርቆኛል። ማን ከልቡ፣ ማን ከአንገት በላይ እንደመረቀኝ ግን መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል መጣሁ።

ማስተዋል፣ የእግሩን ይግዙ በያቸው፤ መብራት ሲሄድ አይቆምም። ከመግዛታቸው በፊት ሦስት ድርብ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ። ይህንንም ጽሑፍ ማኅበሩ በተሰበሰበበት አንብቢልኝ።

እናንተ በዚያ በዓል በዚያ ቤት የነበራችሁ፣ ዛሬም ያላችሁ እኅቶቼ፣ እርስዎም እትዬ አስካለ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ያን የተረፈ ጠበል ያፈሰሰችው ማን እንደሆነች ንገሩኝ፤ በእምነት ወይስ በቂም እንደሆነም ንገሩኝ። አልቆጣም ብዬ አልምልም። ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ማታ ማታ ስጸልይ እዚህ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። በቂም ከሆነ «ይቅር በላት» ብዬ ልለፍ። በእምነት ከሆነ ግን ያለ በደሏ ስጠረጥራት የኖርኩት እኔ ነኝና፣ «ይቅር በለኝ» ማለት ያለብኝ ለራሴ ነው።