በመስታወት ያየሁት በር

ሰሞኑን በሰፈራችን አንድ ባጃጅ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ይዞራል። መጀመሪያ በአኙዋክኛ፣ ቀጥሎ በኑዌርኛ፣ መጨረሻ በአማርኛ፣ ሴት ልጆቻችሁን የማህፀን በር ካንሰር ክትባት አስከትቡ ይላል። እኔ ልብስ እያሰጣሁ እሰማዋለሁ፤ «የማህፀን በር» የሚለው ላይ ሲደርስ እጄ ቀጥ ይላል። ይህ ቃል በአደባባይ፣ ያውም ፍየልና ዶሮ በመሃል እየጮሁ፣ ሲነገር መስማት ገና አልለመድኩም። በእኔ ወጣትነት በሹክሹክታ እንኳ የሚነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ያንን በር በዓይኔ አይቼዋለሁ። ስንት ሴት ወልዳ፣ አሳድጋ፣ አርጅታ ሳታየው የምታልፈውን! እንዴት እንዳየሁት ላጫውታችሁ።

ያኔ መሃል ከተማ ካለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራ ነበር። ባል አግብቼ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዝናቡ ገና አልመጣም፤ ባሮ ከስቶ አሸዋው እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። መንገዱ የወደቀ ማንጎ ይሸታል፤ ሙቀቱን ጋምቤላ የኖረ ያውቀዋል፣ ያልኖረ ቢነግሩትም አይገባው።

ዓሣ የምታመጣልን አጁሉ የምትባል የአኙዋክ ልጅ ነበረች። ረጅም ናት፤ ሳፋውን በራሷ ተሸክማ፣ ውኃው በጆሮ ግንዷ እየወረደ፣ እየሳቀች ነው የምትገባው። አማርኛዋ አጭር አጭር ነው፤ ግን ቦታውን አይስትም። ከዕለታት አንድ ቀን ሳፋውን አስቀመጠችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ዘሀራ፣ ነገ ጤና ጣቢያ አብረሽኝ ነይ።»

«ምን ሆነሽ?»

«ማህፀን ያያሉ። በአቼቶ ነው አሉ። ብቻዬን ፈራሁ።»

አጁሉ ፈራሁ ስትል ያን ቀን ነው የሰማሁት። አዞ ባለበት ወንዝ መረብ የምትጥል ሴት! መጠርጠር ነበረብኝ፤ ግን ሐሳቤ ወዲያው እናቴ ጋ ሄደ።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። አቦቦ በኩል በቆሎና ማሽላ እያረሱ ነው ያሳደጉን። እናቴ ገና ጉልበቷ ሳይከዳት ያለ ጊዜው ደም ይፈሳት ጀመር። ከዚያ ሽታ መጣ። ከሰው ርቃ መቀመጥ ጀመረች፤ እኛንም «ወዲያ በሉ ልጆቼ» ትለናለች። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል። ምንሽን ያምሻል ስንላት አንገቷን ትደፋለች። ሆስፒታል ስትደርስ ጊዜው አልፏል አሉ። የበሽታውን ስም እንኳ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔ ግን ካገባሁ ጀምሮ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ይኸው ነገር አንድ ቀን ለእኔም ይመጣል፣ ልጆቼንም ወዲያ በሉ እላለሁ። ይህን ለባሌ አልነገርኩም። የነገርኩት ለአጁሉ ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ዓሣ ስናጸዳ።

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ስሄድ ከሱቅ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ገዛሁ። ጓንት ገዝታችሁ ኑ፣ መርፌ ገዝታችሁ ኑ ስንባል የኖርን ሰዎች ነንና አቼቶም በራስ ነው መስሎኝ። ለጓደኛዬ ነው ብዬም ጥሩውን ነው የመረጥኩት፤ ሆቴላችን ለውጭ አገር እንግዶች ሰላጣ ላይ የሚያደርገውን ዓይነት።

ኒም ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ሴቶች ተደርድረዋል። ነርሷ፣ ሲስተር ኛቾል፣ የኑዌር ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ጠርሙሱን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

«ይሄ ምንድነው?»

«አቼቶ ነው፣ ሲስተር። ለእሷ።»

እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች። «የእኛ አለ፤ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። ይሄንን ለሰላጣሽ አድርጊው። ደግሞ ማናችሁም ቤት ውስጥ በዚህ እንዳትታጠቡ። ለማየት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። በሉ፣ ማን ትቅደም?»

«እሷ» አለች አጁሉ እኔን እያመለከተች።

«እኔ?»

«እኔ ባለፈው ሳምንት ታይቻለሁ። ደህና ነኝ።»

«ፈራሁ ያልሽው ውሸት ነው?»

«ነይ ብልሽ ትመጪ ነበር?» አለችና ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሙሽራዋ ስጦታዋን ይዛ መጥታለች። አስገቧት!»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። መሸሽም አፈርኩ፤ ገባሁ።

መብራት ጠፍቶ ነበርና ሲስተር ኛቾል የእጅ ባትሪ አበራች። አልጋው ላይ ወጥቼ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከነጠላው ሥር ሆኜ የእናቴን ነገር ነገርኳት። «በዘር ነው እንዴ፣ ሲስተር?»

«በዘር አይደለም። በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ባል ያላት ሴት ሁሉ ሊያገኛት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ የቀረው ቀስ እያለ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው ካንሰር የሚሆነው። እኛ መንገድ ላይ ነው የምንይዘው።» ከዚያ «ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

መክፈቻ መሣሪያዋን ቀስ አድርጋ አስገባችና የእጅ መስታወት ሰጠችኝ። ነጠላዬን ከፊቴ አነሳሁ። ብርሃኑ ሲያርፍበት፣ ሮዝ መልክ ያለው፣ ክብ፣ ለስላሳ ነገር፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ፤ የተኛ ሕፃን ከንፈሩን ሰብሰብ ሲያደርግ ይመስላል።

«ልጆቼ በዚህ ነው የወጡት?»

«በዚህ።»

«ይቺን በምታህል?»

«ይቺን በምታህል።»

ሱብሐነላህ! የልጆቼን ጭንቅላት አሰብኩ። ያ ሁሉ ሰው፣ እኔም፣ አጁሉም፣ እናቴም፣ ገበያ ሙሉ የሚርመሰመሰው ፍጥረት ሁሉ፣ በዚህች በኩል መጣ? አብራኝ እየኖረች፣ የእጄን መዳፍ ያህል እንኳ አላውቃትም ነበር።

ሲስተር ኛቾል አቼቶውን በጥጥ ቀባችና ጠበቅን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከአንዱ ጥግ፣ ወተት ላይ ሰልባቦት እንደሚይዘው፣ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ማንም ሳይስለው የታየ ነገር ነው፤ ዓይኔ እያየ ከምንም ወጣ። መስታወቱን ይበልጥ አስጠጋሁት።

«ያው እሱ ነው? የእናቴ?»

«አይደለም። ወደዚያ ሊሄድ የተነሣ ነው። ገና አልሄደም። ዛሬውኑ በቅዝቃዜ እናጠፋዋለን።»

እናቴን ማንም እንዲህ አብርቶ አላያትም። ይህንን ሳስብ ነው ያለቀስኩት፤ ሕመሙ እንዳይመስላችሁ። የሚያቀዘቅዘው ብረት ሲነካኝ የተሰማኝ ሕመም የወር አበባ ቁርጠት ያህል ነው። ቅዝቃዜው ግን! በጋምቤላ መጋቢት፣ ግንባሬ ላብ እያንጠባጠበ፣ ውስጤ ውርጭ ወረደ።

ለጥቂት ሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፣ አትደንግጪ፤ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለ ፈጥነሽ ነይ፤ ለወር ያህል ከባልሽ ጋር አትገናኙ፤ በዓመትሽ ተመልሰሽ ታዪ አለችኝ ሲስተር ኛቾል። የባሌን ነገር እንዴት አድርጌ ልንገረው ብዬ ስጨነቅ አጁሉ ከበር ሆና «እኔ እነግረዋለሁ» አለች። የዚያኑ ዕለት ቤታችን መጥታ ነገረችው። «አንድ ወር ትታገሣለህ። ካልታገሥክ፣ አዞ የት እንደሚውል አውቃለሁ።» ባሌ ታገሠ።

ዓመቱ ሲደርስ ተመልሼ ሄድኩ። አቼቶው ተቀባ፣ ጠበቅን፣ እንደገና ጠበቅን። ምንም አልወጣም፤ ሮዝነቱ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በኋላ በዚያው በር ሦስተኛ ልጄን፣ ሐዋን፣ ወለድኩ። አሁን ተማሪ ናት፤ ክትባቷንም ወስዳለች። አድጋ ጊዜዋ ሲደርስ እንድትታይም ከአሁኑ እነግራታለሁ፤ እኔ የምናገረው ጮክ ብዬ ነው፣ እሷ ናት የምታፍረው።

እኔ ደግሞ ዘንድሮ እናቴ ያረፈችበትን ዕድሜ አለፍኩት። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፣ ፀጉሬም በጎን በጎን መንጣት ጀምሯል። ጎረቤቶቼ «እናትሽ ለጉልበት ምን ትቀባ ነበር?» ይሉኛል። አላውቅም፤ እናቴ እዚህ ዕድሜ አልደረሰችም። ከአልጋዬ ስነሣ ቁርጥማቱን አዳምጠዋለሁ፤ ከእናቴ ያልወረስኩት፣ ምን እንደሚመስል ገና ማንም ያልነገረኝ ዕድሜ ነው።